ያለ ስህተት የተመለሰ ደብተር

ወላጆች ልጃቸውን እንዳስጠናላቸው ሲጠሩኝ በመጀመሪያ የሚያሳዩኝ ደብተሩን ነው። ሲኤምሲ ካሉት ቪላዎች በአንዱ ሳሎን ተቀምጬ፣ ጁስ ቀርቦልኝ፣ እናትየው ደብተሩን ገልጣ ጉልበቴ ላይ ታስቀምጠዋለች። ፊደሉ የተስተካከለ ነው፤ ስርዝ ድልዝ የለውም። "ደብተሩ እንዲህ ሆኖ ፈተና ላይ ምን እንደሚነካው እንጃ፣ ቲቸር ሀይሚ" ትለኛለች። እኔ ልጁን አያለሁ፤ ልጁ ምንጣፉን ያያል። ደብተሩን የጻፈለት ሌላ ሰው እንደሆነ ወዲያው ይገባኛል። ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ይህን ሥራ በአሥር ዓመቴ ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ የሠራሁትም ለታላቅ ወንድሜ ለአብኔዘር ነው።

ያኔ የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ ከበሩ ጀምሮ እስከ ማድ ቤቱ በቢጫ ጀሪካን መሀል ነበር የምናልፈው። እናቴ ፈለቀች ከሕንጻው ሥር ትንሽ ሱቅ ነበራት። አባቴ ደጀኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ የሠራተኛው ሁሉ ፋይል በእሱ እጅ ያልፋል። እራት ላይ የሚያወራልንም ስለ ፋይል ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት አንዲት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስለተጻፈበት እስካሁን እድገት ስላላገኘ ሰው ይነግረናል። ሰውየው ምን እንዳጠፋ ማንም አያስታውስም፣ ደብዳቤዋ ግን አለች። "አንዴ ፋይል ውስጥ የገባ ወረቀት እግር አውጥቶ አይሄድም" ይለን ነበር። እኔ አባቴ የሰው ሁሉ ምስጢር ያለበት ትልቅ ባለሥልጣን ይመስለኝ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ትንሽ ሰው እንደነበር፣ እኛን የግል ትምህርት ቤት ለማስተማር አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ኮት እንደለበሰ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አብኔዘር አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል። እጁ የማይጠግነው ነገር አልነበረም። ሶኬት የተበላሸበት፣ የበር እጀታ የወለቀበት ጎረቤት ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። አስተማሪ አንዴ የተናገረውን ሰምቶ ቃል በቃል ይደግመዋል። ማንበብ ግን አይችልም ነበር። የቃሉን መጀመሪያ አይቶ ቀሪውን ይገምታል፤ "መስኮት" የሚለውን "መስከረም" ብሎ ያልፈዋል። ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል በጆሮው እየተማረ፣ ከጎኑ ካለ ልጅ እየገለበጠ ሰባተኛ ክፍል ደርሷል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። መጽሐፍ የሚሰለቸው፣ ከመጽሐፍ በላይ የሆነ ሰው ነበር የሚመስለኝ።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ሚስ ሸምሲያ የምትባል አዲስ አስተማሪ መጣች። አጠር ያለች፣ ቡናማ ሂጃብ የምታደርግ፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። የሰባተኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ እያስጠራች አስነበበችና የዘጠኝ ልጆች ስም ለጠፈች። ዘጠኙ ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት ለማጠናከሪያ እንዲቀሩ ተባለ። ልጆች የማጠናከሪያውን ክፍል "ጋራዥ" አሉት። "ወንድምሽ ጋራዥ ገባ አይደል? ሞተሩ ነው ወይስ ጎማው?" ይሉኝ ነበር። ለብቻዬ ታክሲ መሳፈር ስለማይፈቀድልኝ ያቺን አንድ ሰዓት ከጋራዡ መስኮት ሥር ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ።

በመስኮቱ የማየው ነገር ያስፈራኝ ነበር። ሚስ ሸምሲያ ከአብኔዘር ጎን ትንሽ ወንበር ላይ ትቀመጥና ጣቷን ከአንድ ቃል ሥር አድርጋ ዝም ትላለች። እሱ ያልበዋል፣ እግሩን ያወዛውዛል፣ ጣራ ጣራ ያያል። እሷ ዝም። ያ ዝምታ ቅጣት መሰለኝ። እቤት ገብቼ "ቃሉን ታውቀዋለች እኮ፤ ለምን አትነግረውም?" ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። ዛሬ በዚህ ሙያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ልጅ ሲደናቀፍብኝ ዝም ብዬ መጠበቅ አሁንም አልሆነልኝም፤ ቃሉ ከአፌ ያመልጠኛል። ያቺ ሴት ምን ያህል ታጋሽ እንደነበረች የማውቀው ለዚህ ነው።

ሚስ ሸምሲያ ለወላጅም የምትሰጠው ሥራ ነበራት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ደብተር ሰጠች። በደብተሩ የግራ ገጽ ላይ እሷ በእጇ የጻፈችው አጭር ጽሑፍ አለ። ልጁ በየቀኑ አንዱን ለወላጁ ያነባል። ወላጅ አያርመውም፣ ቃሉን አይነግረውም፤ ልጁ የተደናቀፈበትን ቃል ብቻ ከሥሩ በእርሳስ ያሰምራል። ከዚያ ልጁ በቀኝ ገጽ ስለ ውሎው አምስት መስመር ይጽፋል። ወላጅ የተጻፈውን ሳይነካ ይፈርማል። ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት እናቴ የተባለችውን አደረገች። ሱቁን ቀደም ብላ ትዘጋና ማድ ቤት ዱካ ላይ ተቀምጣ አብኔዘርን ፊት ለፊቷ ታስቀምጠዋለች። ሽንኩርት የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እርሳሱን ትይዛለች። እሱ ያነባል፤ ይቆማል፤ እሷ ከንፈሯን ነክሳ ታሰምራለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መስመሮቹን እቆጥር ነበር። ሰኞ ሠላሳ አራት። ማክሰኞ ሠላሳ አንድ። ሐሙስ ሃያ ስድስት። ቁጥሩ እየቀነሰ እንደነበር ልብ ያልኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ያኔ የታየኝ የወንድሜ ሃያ ስድስት ስህተት ብቻ ነበር።

ዓርብ ምሽት አባቴ ደብተሩን አየው። እኛን መኝታ ቤት አስገቡን። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ግን ምስጢር አይዝም።

"ይሄን ሁሉ ያሰመርሽው አንቺ ነሽ?" አለ አባቴ።

"አስተማሪዋ ናት አሰምሩ ያለችው።"

"ፈርመሽበታል እኮ ፈለቀች። በገዛ ልጅሽ ላይ ማስረጃ ጽፈሽ ፈርመሽበታል።"

"የምን ማስረጃ አመጣህ? ልጁ እንዲማር ነው።"

"እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ፋይል ይዤ ኖሬአለሁ። ይሄ ነገ የልጁ ፋይል ውስጥ ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነው። ውጤታችንን ያበላሻሉ የሚሏቸውን መርጠው ዘንድሮ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉ ይላሉ። ሌላ ቦታ ስንወስደው ይሄው ወረቀት ተከትሎት ይሄዳል። ደግሞ በእርሳስ። በእርሳስ የሚያስጽፍ ሰው ነገ ሊለውጠው ያሰበ ነው።"

እናቴ "አንተ ሲያነብ አላየኸውም" አለችው። "እኔ አይቼዋለሁ። ልጁ አይችልም ደጀኔ።"

"ቀስ በይ፣ ይሰማል።"

አብኔዘር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ ነበር። እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ሚስ ሸምሲያ ወንድሜን ከትምህርት ቤት ለማስባረር ወረቀት እየሰበሰበች ነው፤ እናቴም ሳታውቅ እያገዘቻት ነው። አባቴ ደግሞ ደረሰበት። በአባቴ በጣም ኮራሁ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ሳሎን ጠራኝ። ደብተሩን ገልጦ "የወንድምሽን እጅ ጽሑፍ መምሰል ትችያለሽ?" አለኝ።

"እችላለሁ።"

"ለጊዜው ነው። እስኪሻለው ድረስ። ወንድምሽን ትወጂው የለ?"

"እወደዋለሁ።"

"በይ እንግዲህ አምስቷን መስመር አንቺ ጻፊለት። ስህተት እንዳይኖርበት። በግራ በኩል ምንም አይሰመርም፤ እኔ እፈርማለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ እርሳሱን አስቀመጠች። አብኔዘርም እቤት ውስጥ ማንበብ ተወ። እኔ ግን ሥራ አገኘሁ። የእሱን ወደ ጎን የሚያዘነብል ፊደል፣ ከመስመር የሚወርደውን "የ" በአንድ ቀን ለመድኩት። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሲናገር ደግሞ እንዴት ያምርበት ነበር። የታክሲውን ረዳት አነጋገር፣ የዘበኛውን ኩርፊያ፣ ዝናብ ሲመጣ ሕንጻው ሥር የሚሰበሰቡትን ውሾች ጠባይ ሳይቀር ይነግረኛል። እየሳቅሁ ከመሀሉ አምስት መስመር እመርጣለሁ። ከልጅነቴ ሁሉ ደስ ያለኝ ጊዜ የቱ ነው ብባል ያን ጠረጴዛ ነው የምጠራው። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ኅዳር ላይ አብኔዘር መናገር ተወ። "ዛሬ ምን ልጻፍ?" ስለው "ደስ ያለሽን" ይለኛል። ደከመው አልኩ። እኔም ከራሴ እያመጣሁ ስለ እሱ ቀን እጽፍ ጀመር። ያላየውን ኳስ አሳየዋለሁ፣ ያልበላውን ሳምቡሳ አበላዋለሁ። እሱ ምን እየሆነ እንደሚውል ግን አልጠየቅሁትም።

የሆነው ይህ ነው። ንጹሑ ደብተር ከሚስ ሸምሲያ አልፎ ዳይሬክተሩ አቶ አስፋው ጋ ደረሰ። እሳቸውም ለክፍል አስተማሪዎቹ አሳዩት። እቤቱ እንዲህ የሚያነብ ልጅ ክፍል ውስጥ አፉን የማይከፍተው ከትዕቢት ነው ተባለ። አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ አቶ አስፋው ስሙን በማይክራፎን ጠሩት። ወረቀት ሰጡትና "አንብብ" አሉት። አብኔዘር ወረቀቱን ያዘ። ወረቀቱን አየ፣ እኛን አየ። ማይክራፎኑ ትንፋሹን ብቻ ያሰማን ነበር። ልጆች መሳቅ ጀመሩ። አቶ አስፋው "እንግዲህ እስክታነብ ትቆማታለህ" ብለውት ሄዱ። እኛ ወደ ክፍላችን ስንገባ እሱ ፀሐዩ ላይ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ።

እኔ ከጎኔ ለተቀመጠችው ልጅ "ወንድሜን ማንም አያዘውም" አልኳት። እምቢ ያለ ነበር የመሰለኝ። በእረፍት ሰዓት ሄጄ በመስኮት አየሁት፤ ቆሟል። ጀግና ነው አልኩ። ስሙን እንኳን ከዚያ ወረቀት ላይ ፈልጎ ማግኘት የማይችል ልጅ ነበር ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመው። "እህቴ ናት የጻፈችልኝ" ቢል ወዲያው ያልቅ ነበር። አላለም።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ የሚሰጥ ቀን አባቴ ኮቱን ለብሶ ሁለታችንንም ይዞ ሄደ። እናቴ ቀረች። "አንተ ሂድ፤ እኔ የሴትየዋን ፊት ማየት አልችልም" ስትለው ሰምቻለሁ። ሚስ ሸምሲያን ስለጠላቻት መሰለኝ። አፍራ እንደነበር አልጠረጠርኩም።

የአቶ አስፋው ቢሮ የወለል ሰም ይሸታል። ሚስ ሸምሲያ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ይዛ ጥግ ተቀምጣለች።

"አቶ ደጀኔ፣ ልጅዎ ጉድ አድርጎናል" አሉ አቶ አስፋው። "እቤት እንዲህ ያነባል፣ እንዲህ ይጽፋል። እዚህ ሲመጣ እምቢ። አንድም እልኸኛ ነው፤ አለዚያም የያዘው ሰው አልተስማማውም።" ይህን ሲሉ ሚስ ሸምሲያን አዩአት።

"ሊሆን ይችላል" አለች እሷ። "ከእኔ ጋር ያቅተዋል፤ እቤት ከእርስዎ ጋር ግን አያቅተውም፣ አቶ ደጀኔ። እያስፈራሁት ይሆን ብዬ ሁለት ወር ራሴን ስመረምር ከረምኩ። ለዚህ ነው አብረን እንየው ያልኩት።" ደብተሩን ለአብኔዘር ሰጠችው። "ትናንት የጻፍካትን አንብብልን። አምስት መስመር ናት።"

አብኔዘር ደብተሩን ያዘ። አባቴ የኮቱን ቁልፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔ ከወንድሜ ወንበር ኋላ ቆሜያለሁ። የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ በቃሌ አውቀዋለሁ። ዝም ሲል ጊዜ አላስቻለኝም፤ ጎንበስ ብዬ "ትናንት ውሃ መጣ" ብዬ አንሾካሾክሁለት። "ትናንት ውሃ መጣ" አለ። "ሦስት ጀሪካን ሞላሁ" አልኩት። "ሦስት ጀሪካን ሞላሁ" አለ። ሚስ ሸምሲያ ቀና ብላ አየችኝ። በጥላቻ ያየችኝ መሰለኝና እኔም አፍጥጬ አየኋት። ሴትየዋ በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ እንደገባት ዛሬ አውቃለሁ።

"አቶ ደጀኔ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ይሄን የጻፈው ማን ነው? ማንንም አልወቅስም። የትኛው ፊደል እንደሚያስቸግረው ካላየሁ ግን ላስተምረው አልችልም።"

አባቴ አቶ አስፋውን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን ክላሴሮች አየ። "ልጄ ነው የጻፈው" አለ። "ፊርማዬ አለበት።"

ሚስ ሸምሲያ ወደ ወንድሜ ዞረች። "አንተስ ምን ትላለህ አብኔዘር?"

አብኔዘር መጀመሪያ አባቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ሚስ" አለ።

አቶ አስፋው ደብተሩን ዘጉና ለአባቴ መለሱለት። "ግልጽ ነው እንግዲህ። ማንበብ ለሚችል ልጅ ማጠናከሪያ ምን ያደርግለታል? ወንበሩን ለሚያስፈልገው ልጅ እንሰጠዋለን።"

ስንወጣ አባቴ "ተገላገልን" አለ። ሲኤምሲ መንገድ ዳር ካለ ኬክ ቤት አስገባንና ሁለት ሁለት ኬክ አዘዘልን። ለልደታችን እንኳ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። እኔ ወንድሜ ከጋራዥ ስለወጣ፣ ያወጣሁትም እኔ ስለሆንኩ እየዘለልኩ በላሁ። አብኔዘር አንዱን ኬክ ግማሽ ድረስ በልቶ ተነሣና መጸዳጃ ቤት ሄዶ አስመለሰው። አባቴ አስተናጋጇን "ኬኩ የቆየ ነው" ብሎ ተቆጣት። እኔም አምኜ የራሴን ማሽተት ጀመርኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። አባቴ ለቅሶ ሄዷል፤ አብኔዘር ሱቅ ነው፤ እናቴ ራሷን አሟት ተኝታለች። ስከፍት ሚስ ሸምሲያ ናት። አራት ፎቅ ወጥታ ትንፋሽ አጥሯታል።

"ሀይሚ፣ እናትሽ አለች?"

"የለችም።"

የእናቴ ጫማ እግሯ ሥር ነበር። አየችው። ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ስልክ ቁጥር ጻፈች።

"ስትመጣ ይሄን ስጪልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገርጂ እህቴ ቤት ነው የምውለው። አብኔዘር ወደዚያ ይምጣ በያት። የትምህርት ቤቱ ጉዳይ አይደለም፤ ማንም አይሰማም፣ ምንም አልጽፍም። ክፍያም የለውም። ገና ነው፣ ይደርስበታል በያት። እሺ ሀይሚ?"

"እሺ" አልኳት።

ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ ጠበቅሁና ወረቀቱን ቀዳድጄ ሽንት ቤት ውስጥ ጣልኩት። የቧንቧ ውሃ ስላልነበረ ግማሽ ጀሪካን ደፋሁበት። እናቴ ከመኝታ ቤት "ማን ነው?" አለችኝ። "ተሳስተው ነው" አልኳት። ጠላት ከደጃችን የመለስኩ መስሎኝ ነበር። ይህን ለማንም ሳልናገር አሥራ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

የተቀረውን በአጭሩ ልናገረው። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ አብኔዘርን ሌላ ቦታ ፈልጉለት አለ፤ አባቴ የፈራው አልቀረም። አዲሱ ትምህርት ቤት ግን ካርዱን ብቻ ነው የጠየቀው፤ የተከተለው ወረቀት የለም። ሚኒስትሪ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ተወው። የሚስ ሸምሲያ ውል በዚያው ክረምት ሳይታደስ ቀረ፤ ልጆች ይፈሯታል ተብሎ ነው ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሄደች አላውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ ሲሞት ወረቀቶቹን የለየሁት እኔ ነኝ። ከመብራትና ከውሃ ደረሰኞቹ ጋር ጀርባው ላይ "አብኔዘር ደጀኔ" የሚል ክላሴር አገኘሁ። ወንድሜ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ፋይል ብቻ ነበረው፤ እሱንም የከፈተው አባታችን ነው። ደብተሩ በውስጡ አለ። የእናቴ መስመሮች አሉ፣ የእኔ ንጹሕ ገጾች አሉ። ከደብተሩ የኋላ ሽፋን ጋር ታጥፋ ተጣብቃ የነበረች አንዲት ወረቀትም ተላጥ​ታ፣ ተበስታ ገብታለች። ሚስ ሸምሲያ ለወላጆች የጻፈችው ነው። "የተሰመረበትን ቃል ልጁ ሲያውቀው እኔና እሱ አብረን በላጲስ እናጠፋዋለን። ደብተሩ ዓመቱ ሲያልቅ ለእናንተ ይመለሳል፤ ትምህርት ቤቱ ዘንድ አይቀመጥም። እባካችሁ ስህተቱን ላኩልኝ" ይላል። አባቴ እንደ መሥሪያ ቤት ልማዱ ጥጉ ላይ "ደረሰ" ብሎ ቀን ጽፎበታል። ቀኑ ኬክ ከበላን ከአሥር ቀን በኋላ ነው። አንብቦታል ማለት ነው። አንብቦ በስቶ አስገብቶ ዝም አለ።

አብኔዘር ዛሬ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራበት ትንሽ ቤት አለው። ልኬት በቁጥር ይይዛል፤ የቀረውን ይሥለዋል። የደንበኛውን ስም አይጽፍም፣ የበሩን መልክ ነው የሚሥለው፤ እስካሁን አንዱን ከሌላው አላምታታም። ብሩክታይት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለችው። ባለፈው ወር ብሩክታይት ትምህርት ቤቷ ማጠናከሪያ አስገባት ሲሉኝ ሰማሁ። በዚያው ቀን ወንድሜ ጋ ሄድኩ።

የብረት መቁረጫውን አጥፍቶ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ወንበር ሰጠኝ።

"ብሩክታይትን እኔ አስጠናታለሁ" አልኩት። "ሰኞና ረቡዕ እመጣለሁ። ሥራዬ እኮ ነው አብኔ።"

"አይ፣ ተይው።"

"ለምን? ማን ሊያስነብባት ነው?"

"እኔ።"

ጠረጴዛው ላይ የሣላቸውን በሮች አየሁ። እሱም ለምን እንዳየኋቸው አወቀ።

"አልችልም፤ አውቃለሁ" አለኝ። "ትናንት አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆየን። እሷም አቃታት፣ እኔም አቃተኝ። ያቃተንን ምልክት አድርገን ለአስተማሪዋ ላክንላት።"

"እኔ ብኖር በአምስት ደቂቃ እጨርስላችሁ ነበር።"

"ለዚያ ነው" አለኝ። ሳይቆጣ ነው ያለኝ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አንቺም፣ አባዬም፣ ነፍሱን ይማረው፣ ትወዱኝ ነበር። ሲያቅተኝ ማየት ግን አትችሉም ነበር። ብሩክታይት ሲያቅታት ቁጭ ብሎ የሚያያት ሰው ነው የሚያስፈልጋት።"

ከጠረጴዛው ላይ የአሉሚኒየም ብናኝ በእጁ ጠረገ። ከዚያ ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር ሰው ሆኖ "ሚስ ሸምሲያ ታይ ነበር" አለ። "እሷ አልተወችኝም ብዬ ብዙ ጊዜ ጠብቄአታለሁ። አንድ ቀን እቤት ትመጣለች እል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብዬ መንገዱን አያለሁ። እሷም ሰለቻት መሰለኝ።"

"መጥታ ነበር" አልኩት።

ቀና አለ።

"በዋናው መንገድ ሳይሆን በሕንጻው የኋላ በር በኩል ነው የመጣችው መሰለኝ። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገርጂ እንድትሄድላት ቁጥሯን ሰጥታኝ ነበር። ቀድጄ ጣልኩት።"

"መቼ?"

"ኬክ በበላን በሳምንቱ።"

እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ፣ እንዲያባርረኝም ጠበቅሁ። "ያኔ እኮ ገና አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር" አለ። ብሩክታይት ከማጠናከሪያ የምትወጣበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር የሥራ ቦታውን ቆልፎ ሊያመጣት ሄደ።